መኳንንት፣ ሚዜያችን

ስሜነህ በማለዳ ከጎረቤቴ ከእትዬ አበባ ጋር ደጄ ላይ ቆሞ ሳየው፣ ያላወቅሁት ማን እንደሞተ ብቻ ነበር። በእኛ አገር ሰው ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጎረቤት አስከትሎ በር የሚያንኳኳው ለመርዶ ነው። ስሜነህ ድራም መቺ ነው። እጁ ዕረፍት አያውቅም፤ ቆሞም ተቀምጦም ያገኘውን ሁሉ በጣቱ ይመታል። ያን ጠዋት ግን ሁለቱም እጆቹ ጋቢው ውስጥ ነበሩ።

«ማነው?» አልሁት።

«ግቢና ተቀመጪ፣ የሺ።»

«አልቀመጥም። ማነው?»

«መኬ ነው» አለ። «ትናንት ከሰዓት። ሱቁ ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ።»

እትዬ አበባ ክንዴን ያዙኝ። እኔ ግን አልጮኽሁም። በመጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው ነገር ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም ልጻፈው። «እንግዲህ አይጫወቱም» ነው ያልሁት። ለሰውየው ከማዘኔ በፊት ለሙዚቃ ባንዱ አዘንሁ።

መኳንንት የባለቤቴ የደሳለኝ ጓደኛ፣ የሠርጋችን አንደኛ ሚዜ ነበር። ሙያው ሬዲዮና ሞንታርቦ መጠገን ነው። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነበር፤ ስለዚህ የሚያዋራው ሁሉ አንገቱን ወደ እሱ ሰገግ ያደርጋል። በየአጥቢያው ሞንታርቦ ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ቄስ፣ ሲጠግን ቆመው እያዩት፣ «መኳንንት፣ በዚህ እጅህ ቤተ ክርስቲያን ታገለግላለህ፤ በዚሁ እጅህ ደግሞ ያንን ጩኸት ትጮኻለህ። ኧረ አንዱን ምረጥ!» አሉት። እሱ ካጎነበሰበት ቀና ሳይል፣ «አባ፣ ሽቦው አንድ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» አላቸው። ቄሱ ሳቃቸው እንዳይታይ ፊታቸውን አዞሩ።

ያ ጩኸት እነ ደሳለኝ የነበሩበት «ብራቅ» የሚባለው የሙዚቃ ባንድ ነው። ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ዕድሜው ሰባት ወር ነበር፤ ከፋሲካ ማግስት እስከ ነቢያት ጾም መግቢያ።

ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሙዚቃ ቡድን ሦስት ነበር። አንዱ ሆቴል ውስጥ ይጫወታል፤ አንዱ የፖሊሶች ነው፤ አንዱ የተማሪዎች። ደሳለኝ የሆቴሉ ጊታሪስት ነበር። ስሜነህ ከፖሊሶቹ ጋር ድራም ይመታ ነበር። አበጀ የሚባለው ቀጭን ልጅ የተማሪዎቹ ዘፋኝ ነው፤ ድምፁ አንዲት ቃል ላይ ሲሰነጠቅ ሰው ደረቱን ይይዛል። ሦስቱም በየቡድናቸው አውራ ነበሩ። መኳንንት የማንም ቡድን አባል አልነበረም። የሁሉንም መሣሪያ ስለሚጠግን ሁሉንም ይሰማል፤ ማን ከማን ጋር ቢጫወት ምን እንደሚወጣው የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ ሰረቃቸው።

ሰረቃቸው የሚለው ቃል የእኔ አይደለም፤ የሆቴሉ ባለቤት ቃል ነው። ሰውየው ደሳለኝን ያጡ ዕለት መኳንንት ሱቅ ድረስ መጥተው፣ «ጠጋኝ ነኝ ትላለህ፤ የኔን ግን አፈረስኸው!» ብለው ጮኹበት።

«ጋሼ፣ ከሦስት ደካማ ጥማድ አንድ ደህና ጥማድ አይሻልም?» አላቸው።

«በሬዬን ነድተህ ስለ ጥማድ ትሰብከኛለህ?» ብለው በሩን ወርውረው ዘግተው ሄዱ።

የሚጫወቱትን እነሱ ሮክ ይሉት ነበር። ከካሴት እንደሰማነው የፈረንጅ ሮክ ግን አልነበረም። ደሳለኝ በልጅነቱ አምበር ገበያ ላይ ከመሲንቆ መቺዎች የሰማውን ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር ይዞት ይመጣና እስኪጮኽ ድረስ ይጎትተዋል። ስሜነህ ከሥሩ እንደ ሐምሌ ነጎድጓድ ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማቸው ጆሮዬን ይዤ ከአዳራሹ ወጣሁ። ደጅ ላይ ስደርስ ግን እግሬ አልሄድ አለኝ፤ እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ያን ጊዜ ከደሳለኝ ጋር ገና አልተጋባንም ነበር።

በዚያ ሁሉ መሀል መኳንንትን ልብ የሚለው የለም። ባስ ጊታሩን አንግቶ፣ ጀርባውን ለሕዝቡ፣ ፊቱን ለስሜነህ ሰጥቶ ይቆማል። ከመጀመሩ በፊት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ዞሮ ያማትባል፤ ቀጥሎ ጣቶቹን እንደ ትኩስ ድንች እፍ እፍ ይላቸዋል። አንድ ቀን፣ «ሰው ፊትህን እንኳ አያየውም፤ አያናድድህም?» አልሁት።

«የሺዬ፣ ባስ ማለት እኮ ሚዜ ነው» አለኝ። «ሰው ሁሉ የሚያየው ሙሽራውን ነው። ግን ሚዜ የሌለው ሙሽራ አይተሽ ታውቂያለሽ? መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚቀመጥ ይጠፋዋል።»

«ታዲያ አንተ ሙሽራ የምትሆነው መቼ ነው?»

«እነዚህን ሦስት ሙሽሮች ለማን ጥያቸው?»

እውነትም እስከ መጨረሻው አላገባም።

ደምበጫ አንድ ሠርግ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ዘፈኑ ሞቅ ባለበት መብራት ጠፋ። ጊታሩ ዝም፣ ድምፅ ማጉያው ዝም፤ ስሜነህ ብቻ ድራሙን አላቆመም። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። መኳንንት ባሱን ወንበር ላይ አጋድሞ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ትልቅ የመኪና ባትሪ በትከሻው ተሸክሞ ተመለሰ። የቤተ ክርስቲያን ሞንታርቦ መብራት በሌለበት በባትሪ ስለሚሠራ ዘዴውን ያውቅበታል። ሽቦውን ሲያገናኝ የሙሽሮቹ አውቶቡስ ሾፌር እያለከለከ ደረሰ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሙሽራዋን በምን ልወስዳት ነው?»

«ተረጋጋ ወንድሜ፣ የት ትሄዳለች? ገና እየጨፈረች ነው!»

ሾፌሩ ሙሽራዋን ዞር ብሎ አየ። እሷም ጨርሳ የምትሄድ አትመስልም ነበር። ኮፍያውን አውልቆ እሱም ገባ።

ብራቅን የሰበረው ኩራት ነው። ሦስት አውራ ዶሮ አንድ ቆጥ ላይ አያድርም። አምበር ላይ በመጨረሻው ዝግጅታቸው ደሳለኝ ጊታሩን ብቻውን መጫወት ጀመረ፤ ጀምሮም አላቆም አለ። አበጀ ማይክሮፎኑን ይዞ ጠበቀ። ጠበቀ። በመጨረሻ፣ «እናንተ ዘፋኝ የሚያስፈልጋችሁ አልመሰለኝም» ብሎ ማይክሮፎኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ወረደ። ደሳለኝ ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር አላየውም። በመኪና ሲመለሱ ተጣሉ።

«ጊታሯን ነበር ማግባት ያለብህ!»

«ድምፅህን ያገባኸው አንተ!»

መኳንንት በመካከላቸው ተቀምጦ አንድ ቃል አልተናገረም አሉ። ከሳምንት በኋላ አበጀ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ስሜነህን የፖሊስ አለቆቹ ወደ ሌላ ከተማ አዛወሩት። መኳንንት እናቱ ወዳሉበት ወደ ሉማሜ ሄዶ አውቶቡስ ከሚቆምበት አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፈተ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ መኳንንት ሲሸመግል ኖረ። አዲስ አበባ ይወርዳል፤ አበጀን ያናግራል፤ እኛ ቤት ይመጣል፤ ደሳለኝን ያናግራል። «ዘንድሮ ይሆናል» ሳይል ያለፈ ዓመት የለም። ደሳለኝ አበጀን እወደዋለሁ ብሎ አያውቅም፤ ብራቅ የተቀዳበትን አንድ ካሴት ግን እስኪላላ ሰምቶታል። ካሴቱ ላይ አበጀ ገብቶ ድምፁ የሚሰነጠቅበት ቦታ ሲደርስ ከተቀመጠበት ይነሣ ነበር።

ደሳለኝን ኩላሊቱ አልጋ ላይ ሲጥለው መኳንንት አበጀን ይዞት መጣ። አበጀ እንደ አገራችን የይቅርታ ወግ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ በራችን ላይ ተንበረከከ። ቀጭኑ ልጅ ወፍሮ፣ ፀጉሩ ሸሽቶ ነበር። ደሳለኝ ከትራሱ ቀና ብሎ አየውና፣ «ኧረ ጣለው! ወገብህ ተቆርጦ ደግሞ መዝፈን አልቻልሁም ልትል ነው!» አለ። ተላቀሱ፤ ተሳሳቁ። ስሜነህም ጡረታ ወጥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመልሶ ስለነበር ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ አራቱም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። የፋሲካ ጾም ሲፈታ እዚሁ ከተማ አንድ ቀን ሊጫወቱ ተስማሙ።

ደሳለኝ ያኔ፣ «ባልደርስ እንኳ ተጫወቱ» አላቸው። «ጊታሩን ለሚችል ሰው ስጡት። የሺ ትስማችሁ።»

እኔ ይህን መስማት አቅቶኝ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም።

ፋሲካ አልደረሰለትም። በሁዳዴ ሦስተኛው ሳምንት አረፈ።

ጥቁር ለበስሁ። ለማንም ሳልናገር ለራሴ አንድ ነገር ቆረጥሁ፦ ብራቆች ተሰብስበው የተጫወቱ ዕለት አወልቀዋለሁ። የደሳለኝ ተዝካሩ ያ ቀን ይሆናል፤ እስከዚያ ሐዘኔ አይፈታም። ዓመቱ ሲወጣ እኅቴ ከቢቸና ነጭ ቀሚስ አሰፍታ፣ ዘመድ አስከትላ ጥቁሬን ልታስወልቀኝ መጣች። «ቀኑ ሲደርስ» ብዬ መለስኋት። ተቀይማኝ ሄደች። የትኛው ቀን እንደሆነ አልነገርኋትም።

መኳንንት በየወሩ ከሉማሜ ይመጣ ነበር። አገሩ ታውኮ መንገድ ሲዘጋ ወር ይዘላል፤ ሲከፈት ይመጣል። በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ይቀመጣል፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፤ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግሬ አንድ ጊዜ ያየኛል። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ እናቱ ወገብ ያወራል። ሊሄድ ሲል «በይ እንግዲህ፣ በርቺ» ይለኛል። እኔ «ቀን ቆርጠናል» የሚለውን ቃል እጠብቃለሁ። ያ ቃል አይመጣም።

መጠየቅ እንዴት ይቻላል? ባሏን የቀበረች ሴት ጊታር አማረኝ ትላለች? ሰፈሩ ምን ይላል? ለእነሱም ቢሆን የሟች ቃል ነው፤ የሟች ቃል አስታዋሽ ያስፈልገዋል ብዬ አላሰብሁም። ሁለተኛው ዓመት አለፈ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ «መኬ፣ ሰው ቃሉን ሲረሳ አይገርምህም?» አልሁት።

ደንገጥ አለ። ቀሚሴን አየ። «ሁሉም በጊዜው ነው፣ የሺዬ። ማንም አይቸኩልብሽም» አለኝ።

ሸነገለኝ ብዬ ተናደድሁ። ከዚያ በኋላ ሲመጣ ምሳ ብላ አላልሁትም። ውሃ እሰጠዋለሁ፤ እንደ እንግዳ አነጋግረዋለሁ። እሱ ግን መምጣቱን አልተወም። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ታዝቤው ኖርሁ፤ ከዚያ ሞተ።

ለቀብሩ ወደ ሉማሜ የሄድነው ከስሜነህ ጋር በሚኒባስ ነው። መንገዱ የተከፈተው የዚያን ሳምንት ነው፤ ከአዲስ አበባ በኩል ግን ገና ዝግ ስለነበር አበጀ ሊመጣ አልቻለም። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ብዙ ከሄድን በኋላ በውስጤ ያለው አመለጠኝ።

«ቃሉን ሳይፈጽም ሄደ» አልሁ።

«የቱን ቃል?» አለ ስሜነህ።

«የደሳለኝን። አራት ዓመት ጠበቅኋችሁ። አንድ ቀን እንኳ መሰብሰብ አቃታችሁ?»

ስሜነህ ዞሮ አፈጠጠብኝ። «ምን ትያለሽ የሺ? አንቺን ስንጠብቅ እኮ ነው!»

«እኔን?»

«ጥቁርሽን እስክታወልቂ!»

ድምፁ ከፍ ስላለ ከፊት ያሉት ሰዎች ዞር አሉ። ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ያን ቀን እኔ ወደ ጓሮ ስወጣ መኳንንት ለደሳለኝ፣ «እንጫወታለን፤ ግን የሺ ሐዘኗን ሳትፈታ አንዲት ክር አልነካም» ብሎታል። ደሳለኝም «ደግ ብለሃል» ብሎታል። አገሩም የሚያዘው ይህንኑ ነው። ሐዘን ባለበት ሰፈር ሠርግ ያለው ሰው እንኳ ቀድሞ ሐዘንተኛውን ያስፈቅዳል። የባልን ሞት ደግሞ ባዳ ወንድ መጥቶ በቃሽ፣ አውልቂ አይልም፤ ያ የዘመድ ሥራ ነው። እኅቴ መጥታ መመለሷን መኳንንት ሰምቶ ነበር። «እኅቷን የመለሰች እኔን ትሰማለች?» አለ አሉ።

«በየወሩ የሚመጣው ሊያይሽ ነው» አለኝ ስሜነህ። «አንቺ ዘንድ ደርሶ ሲመለስ ለእኔም ለአበጀም ይደውላል። ‹ዛሬም ለብሳዋለች› ይለናል። በቃ፤ ሌላ አይልም። ዘፈኖቹን ሁሉ ተለማምደን ጨርሰናል። ጊታሩን የሚጫወት ሰው እንኳ አግኝቶ ነበር።»

«ለምን አልጠየቀኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽውም?»

እኔ እነሱ እስኪጫወቱ ጥቁሬን አላወልቅም ብዬ ነበር። እነሱ ጥቁሬን እስካወልቅ አንጫወትም ብለው ነበር። ሁላችንም ለደሳለኝ ስንል ነው። ያቺ ዱካ ላይ ተቀምጦ ከራስ እስከ እግር ሲያየኝ፣ እኔም አፉን ሳየው፣ በመካከላችን የነበረው አንድ ቃል ብቻ ነበር። እሱ ከጨዋነቱ የተነሣ አልተናገረውም። እኔም ጨዋነት መስሎኝ አልተናገርሁትም። በዚያ ላይ ምሳ ከለከልሁት።

መኳንንትን ለመጻፍ ከተቀመጥሁ ወዲህ ስንት ቀን እንደሆነ እንጃ፤ እዚህ ቦታ ስደርስ ብዕሩ አይሄድልኝም። ሰው ስለ እሱ ቢጠይቀኝ የምናገረው ስለ ባትሪው፣ ስለ ቄሱ፣ ስለ ሚዜው ነበር። እነዚያን መናገር ደስ ይላል። እኔ የማልረሳው ግን ያቺን ውሃ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ፣ እስከ ጠብታዋ ጠጥቶ የሚነሣውን ሰው ነው። መከፋቱን አንድ ቀን እንኳ አላሳየኝም። የማስመሰል ሰው ስላልነበረ፣ ምናልባት ጥፋቱ የራሱ መስሎት ይሆናል።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ እናቱ እማማ ጥሩ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። ፊቴን በመዳፋቸው ይዘው ቀና አደረጉኝና ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«የደሳለኝ ሚስት አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ፣ እማማ።»

«ልጄ፣ አንቺ ዘንድ ውሎ የመጣ ዕለት እራት አይበላም ነበር። ምን ሆንህ ስለው ‹ጠግቤ ነው› ይለኛል። አንቺ አጥግበሽው ነው እያልሁ ስመርቅሽ ነው የኖርሁ።»

ሰዎች ደግፈው አወጡኝ።

ደጅ ላይ ስሜነህ ስልኩን ይዞ ቆሞ ነበር። አበጀ ነው። «ከአንቺ ጋር ማውራት ይፈልጋል» ብሎ ሰጠኝ። አበጀ ያለቅስ ነበር። «የሺዬ፣ መንገዱ... መንገዱ ዝግ ነው እኮ፤ ወንድሜን ሳልቀብር ቀረሁ» አለኝ።

«አበጀ፣ ስማኝ» አልሁት። «ጥቁሬን ነገ አወልቃለሁ። መንገዱ እንደተከፈተ ናና ተጫወቱ። ሁለታችሁ ብቻ ብትሆኑም ተጫወቱ። ፈቅጃለሁ። ከእንግዲህ ማንንም አንጠብቅም።»

ሲናፈጥ ሰማሁት።

«የሺዬ» አለኝ፣ «እናቱ እኮ ገና ዛሬ መልበሳቸው ነው።»

ወደ ስሜነህ ዞርሁ። ስሜነህ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። «ዓመቱ እንኳ ይውጣላቸው እንጂ፣ የሺ። ባልቴቷ ቆመው እያዩ እንዴት አድርገን?» አለ።

እማማ ጥሩ ሰማንያውን አልፈዋል። ብቸኛ ልጇን የቀበረች እናት ጥቁሯን መቼ ታወልቃለች? ድምፃቸው ከድንኳኑ ይሰማኛል፤ ስሙን እየጠሩ ነው። ከቆምሁበት እስከ እሳቸው አሥር እርምጃ አይሆንም። ገብቼ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ላስፈቅዳቸው እችል ነበር። ባስፈቅዳቸው የሚከለክሉኝ አይመስለኝም።

ለቀስተኛው እየገባ እየወጣ ነው። ሁሉም ሰው ያየኛል።

«እውነታችሁን ነው» አልሁ። «ዓመቱ ይውጣ።»